ከጅማ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? የበረራ ርቀትና ሰዓት ማስያ ሳይቶች ግምገማ

የሁለት ኤርፖርቶችን ስም ስታስገቡላቸው ርቀቱንና የበረራውን ሰዓት ወዲያው የሚነግሯችሁ ሳይቶች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። ነፃ ናቸው፣ ምዝገባ አይጠይቁም። ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ኪሎ ሜትሩን እመኑ፣ ሰዓቱን ግን እንዳለ አትውሰዱ። በተለይ ከጅማ ተነስቶ አሜሪካ የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ፣ ሳይቱ የሚሰጣችሁ ሰዓትና ሰውየው በትክክል የሚቀመጠው ሰዓት በጣም ይራራቃሉ።

ይሄን የምለው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ጅማ መርካቶ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ፎርም እንሞላለን፣ ዶክመንት ስካን እናደርጋለን፣ የአውሮፕላን ቲኬት ፕሪንት እናደርጋለን። ቲኬቱን ተቀብሎ ዝም ብሎ የሚወጣ ሰው ግን የለም። «አየር ላይ ስንት ሰዓት ነው?» ይላል ሁሉም። ጥያቄው ለወሬ አይደለም። ስኳር ያለባት እናት ኢንሱሊኗን መቼ እንደምትወጋ ማወቅ አለባት። ለዑምራ የሚሄዱ አባት ሶላት የት ላይ እንደሚደርስባቸው ያስባሉ። እዚያ ማዶ የምትጠብቀው ልጅ ከሥራ ፈቃድ የምትጠይቀው በዚሁ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሦስት ሰዓት የሳተ መልስ ሰው ያጉላላል። እኔ እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

ሰሞኑን ደግሞ አንዲት የሰፈራችን እናት መጡ። ልጃቸው ዋሽንግተን ወልዳ አራስ ሊጠይቁ ነው። አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ቲኬቱን ሳወጣላቸው መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ አዩትና «ልጄ፣ እግሬ ያብጥብኛል፤ ስንት ሰዓት ነው የምቀመጠው? እቅጩን ንገረኝ» አሉኝ። እቅጩን ልነግራቸው ስል ያሉትን ሳይቶች አንድ በአንድ ከፍቼ አነፃፀርኩ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ውጤት ነው።

መጀመሪያ ከጅማ ቦሌ። በመኪና ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። የጊቤን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ፣ በወልቂጤና በወሊሶ አድርጎ የሚሄደውን መንገድ የጅማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀኑን ይበላዋል። በአየር ግን 262 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያየኋቸው ሳይቶች ሁሉ በዚህ ቁጥር ይስማማሉ፣ ልዩነታቸው ቢበዛ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። እስከዚህ ድረስ እሰየው።

ሰዓቱ ላይ ስንመጣ ግን አንዱ «17 ደቂቃ» ይላል። ከጅማ ቦሌ በ17 ደቂቃ! ሌላው 47 ደቂቃ ይላል። ሁለቱም ያዩት ያንኑ 262 ኪሎ ሜትር ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ሂሳባቸውን ስታዩት ቀላል ነው። የመጀመሪያው ርቀቱን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካፈለው፣ አለቀ። ሁለተኛው በዚያው ፍጥነት አካፍሎ ለመነሻና ለማረፊያ ብሎ ግማሽ ሰዓት ጨመረበት። የትኛውም ስለ አውሮፕላኑ አልጠየቀም። የጅማ በረራ ላይ የለመድነው ፕሮፔለር ያለው ዳሽ 8 ኪው 400 ነው። የዚህ አውሮፕላን ትልቁ የጉዞ ፍጥነት በሰዓት ከ660 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። በአጭር መንገድ ላይ ደግሞ ያንን ፍጥነት ይዞ የሚቆየው ጥቂት ነው፤ ወጣ ሲል መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ 47 ደቂቃው ለእውነት ይቀርባል፣ ግን በአጋጣሚ ነው የቀረበው። የተሳሳተ ፍጥነት ይዞ ግማሽ ሰዓቱ አካካሰለት።

ቲኬቱ ላይ ደግሞ አንድ ሰዓት አካባቢ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ይሄም ስህተት አይደለም። አየር መንገዶች ቲኬት ላይ የሚጽፉት ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰባት ደቂቃ ጀምሮ፣ ደርሶ ተሽከርክሮ እስኪቆም ድረስ ያለው ነው። መሬት ላይ የሚሄድበት፣ ተራ የሚጠብቅበት ሁሉ ውስጡ አለ። የማስያ ሳይቶቹ የሚያውቁት የአየሩን ብቻ ነው። ይቺን ልዩነት አንድም ሳይት በግልጽ አልጻፋትም፤ ይሄ ያናድዳል፣ ምክንያቱም አንድ መስመር ጽሑፍ ይበቃት ነበር።

ቀጥሎ «ጅማ» ብዬ መነሻ፣ «ዋሽንግተን ደለስ» ብዬ መድረሻ አስገባሁ፤ ደለስ የዋሽንግተን ኤርፖርት ነው። ሳይቱ ምንም ሳያመነታ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 13 ሰዓት ከምናምን ብሎ መለሰ። ካርታ ላይ መስመርም ሳለ። ከጅማ ተነስቶ በቀጥታ ደለስ የሚያርፍ በረራ ግን የለም። ጅማ የአገር ውስጥ ኤርፖርት ነው። ሳይቱ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ለካ እንጂ በዚያ መስመር ላይ አውሮፕላን ይብረር አይብረር አላጣራም። ይሄን የማያውቅ ሰው ስክሪንሾት አንስቶ ለቤተሰብ ቢልክ እዚያ ያሉት ይሄንኑ ይዘው ኤርፖርት ይወጣሉ።

በነገራችን ላይ እዚህ ጋር አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ከጅማ ደለስ በቀጥታ ሲለካ ከአዲስ አበባ ደለስ ካለው ርቀት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያንሳል። ከአዲስ አበባ 11,560 ገደማ ነው። ጅማ ወደ ምዕራብ ስለሆነች ለአሜሪካ ትቀርባለች ማለት ነው። የእኛ መንገደኛ ግን መጀመሪያ 262 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ሄዶ ከዚያ ነው ወደ ምዕራብ የሚዞረው። ለሰፈራችን እናት ይሄን ስነግራቸው «እንግዲያ ከዚሁ አያነሱንም?» አሉ።

አሁን ዋናው ላይ እንምጣ፣ ከቦሌ ደለስ። ርቀቱ ላይ ሳይቶቹ ሁሉ ጎበዝ ናቸው። የሚለኩት ምድር ድቡልቡል መሆኗን አስበው ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ ብታስቀምጡ መስመሩ በቻድና በኒጀር አድርጎ አትላንቲክን የሚያቋርጥ ይመስላችኋል። ሉል ላይ ክር ወጥራችሁ ብታዩ ግን ሌላ ነው። አጭሩ መስመር ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል፣ ሱዳንንና ሊቢያን ያቋርጣል፣ በሰሜን አልጄሪያ አድርጎ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ ያልፋል፣ አትላንቲክ መሃል ላይ ከዋሽንግተን ራሷ በላይ ወደ ሰሜን ይወጣና ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። ይሄን መስመር አጥርቶ የሚስል ሳይት ከፈለጋችሁ ግሬት ሰርክል ማፐር የሚባለው ከሁሉም ይሻላል። መልኩ ያረጀ ነው፣ ግን በፍጥነት ይከፈታል፣ ደካማ ኔትወርክ ላይም ይሠራል። ሰዓትም በግድ አይነግራችሁም። ፍጥነቱን ራሳችሁ ካስገባችሁለት ብቻ ነው የሚያሰላው። ይሄ ታማኝነቱ ደስ ይለኛል። የኤርፖርቶቹን ባለሦስት ፊደል ኮድ ማስገባት ይበቃል፤ የጅማ ጄ አይ ኤም፣ የቦሌ ኤ ዲ ዲ፣ የደለስ አይ ኤ ዲ ነው። ለርቀት ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ።

ሌሎቹ ሳይቶች ላይም ብትሆኑ ኮድ ተጠቀሙ። ጅማን በእንግሊዝኛ አንዱ በአንድ ኤም፣ ሌላው በሁለት ኤም ይጽፋታል፣ አንዳንዱ ሳይት ደግሞ ስሙን ሲያጣ የከተማውን ወይም የዞኑን መሃል ይወስዳል። ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ጣጣው ይብሳል። «ዋሽንግተን» ብላችሁ ስትጽፉ ደለስ፣ ሬገንና ባልቲሞር የሚባሉት ሦስቱም ኤርፖርቶች ሊመጡላችሁ ይችላሉ። ደለስ ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ሬገን ከተማዋ ጎን ፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው። ከአዲስ አበባ ሲለካ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ሊቀበል ለሚወጣ ሰው ግን ብዙ ነው።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ከቦሌ ደለስ ለ11,560 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሰዓት የሚጨምረው ሳይት 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይላል። ተገላቢጦሹን ከደለስ ቦሌ ጠየቅኩት። ያው 13 ሰዓት ከ20። እዚህ ጋር ነው ነገሩ የሚበላሸው። ሲመለሱ እውነትም 13 ሰዓት አካባቢ ነው። ሲሄዱ ግን ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጃል። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሰዓቱ ለምን ይለያያል? ሰው ሁሉ ይሄን ይጠይቀኛልና ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

አንደኛው ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በፈረንጆቹ የብርድ ወቅት ይበረታል። ወደ አሜሪካ ሲኬድ ፊት ለፊት ይመጣል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። ሂሳቡን ሥሩት፤ በሰዓት 900 የሚበር አውሮፕላን በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢቃወመው 850 ይሆናል፣ ቢያግዘው 950። ያንኑ 11,560 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በ13 ሰዓት ከ36፣ ሲመለስ በ12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል ማለት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል የሚጠጋ ልዩነት ከነፋስ ብቻ።

ሁለተኛው የቦሌ ከፍታ ነው። ይሄኛው ለእኛ አገር ልዩ ነው፣ ማስያዎቹ ደግሞ ጨርሶ አያስቡትም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሲነፃፀር ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ክንፍ የሚያነሳው ይቀንሳል፣ ሞተርም ጉልበቱ ይወርዳል። አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ ርዝመት ያለው ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ሞልቶ፣ ሰውና ሻንጣ ጭኖ፣ ከዚህ ከፍታ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ነዳጅ ይሞላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን በረራ ለብዙ ዓመታት ሲሄድ ደብሊን ላይ እየቆመ ነበር የሚያልፈው። መቆሚያው በየጊዜው ሊቀያየር ስለሚችል ቲኬታችሁን እዩ። ሲመለስ ግን በቀጥታ ነው። ደለስ ከባሕር ጠለል 95 ሜትር ገደማ ብቻ ነው ከፍታው፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ ነዳጅ ሞልቶ ይነሳል፤ ነፋሱም ከኋላ ነው።

ደብሊን ላይ መቆሙ መንገዱን ምን ያህል ያስረዝማል ብዬ በግሬት ሰርክል ማፐር ለካሁት። ከቦሌ ደብሊን 6,370 ገደማ፣ ከደብሊን ደለስ 5,460 ገደማ። ሲደመር ከቀጥታው መስመር የሚበልጠው ወደ 270 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከጅማ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት ማለት ነው፣ ከዚያ አይበልጥም! ሰዓቱ ላይ የሚጨመረው ግን መውረዱ፣ መቆሙ፣ ነዳጅ መሙላቱ፣ እንደገና መነሳቱ ነው። ኪሎ ሜትር ብቻ የሚያይ ማስያ ይሄን ከየት ያምጣው?

ሦስተኛው የተዘጋ ሰማይ ነው። አጭሩ መስመር በሱዳንና በሊቢያ ላይ ያልፋል ብያለሁ። ሊቢያን ብዙ አየር መንገዶች ለዓመታት ሲሸሿት ቆይተዋል። ሱዳን ደግሞ በሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ሲጀመር ሰማይዋ ተዘጋ፣ ከዚህ ወደ አውሮፓ የሚበሩ አውሮፕላኖች በዙሪያዋ ለመሄድ ተገደዱ። ዙሪያ መሄድ ደቂቃ ይጨምራል፣ ነዳጅም ይጨምራል። ማስያው ግን ዛሬም መስመሩን በካርቱም አካባቢ እያሳለፈ ይስላል። ካርታው ላይ ያለው መስመር አውሮፕላኑ የሚሄድበት መንገድ እንዳይመስላችሁ።

በእነዚህ ሦስት ምክንያቶች ማስያዎቹ ለረጅም በረራ ለሚሰጡት ሰዓት ከአምስት ሁለት ነው የምሰጣቸው። ፍትሐዊ ለመሆን ግን፣ የሚደምቁበት መስመርም አለ። ከቦሌ ጅዳ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ የሚሄድ። ነፋሱ ከጎን ስለሆነ ሲሄዱም ሲመለሱም ሰዓቱ ያን ያህል አይለያይም። መቆሚያ የለውም። ሳዑዲና እኛ የሰዓት ልዩነት የለንም። ማስያው ሁለት ሰዓት ከምናምን ሲል እሱን ይዛችሁ ጥቂት ደቂቃ ለመሬቱ ብትጨምሩ ትክክል ናችሁ። ዱባይም 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ብዙ አይስቱም፤ የዱባይ ሰዓት ግን ከእኛ በአንድ ይቀድማል። ከሱቄ ለዑምራ ለሚሄዱ አባቶች ቲኬት ሳወጣ የማስያውን ቁጥር ያለ ሐሳብ እነግራቸዋለሁ። ለአሜሪካና ለካናዳ መንገደኛ ግን አልናገርም።

ታዲያ ለእነሱ ምን አደርጋለሁ? ፍላይትራዳር24 ላይ የበረራውን ቁጥር አስገባለሁ። የበረራ ቁጥሩ ቲኬታችሁ ላይ በትልቁ አለ። ሳይቱ ያ በረራ ባለፉት ቀናት መቼ እንደተነሳ፣ መቼ እንዳረፈ፣ አየር ላይ ስንት ሰዓትና ደቂቃ እንደቆየ በረድፍ ያሳያችኋል። በግምት የመጣ ቁጥር አይደለም፣ የሆነው ነው። የሳምንቱን ካያችሁ አጭሩንና ረጅሙን ታውቃላችሁ። በነፃው ይበቃችኋል፣ መክፈል አያስፈልግም። መንገድ ላይ የሚቆም በረራ ከሆነ ሁለት ረድፍ ሆኖ ይመጣል፤ ሁለቱን ደምሩ፣ በመካከል የቆመበትንም ደምሩ። ሰዓቶቹ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት፣ ተጽፈው ካገኛችኋቸው 3 ጨምሩና ቲኬት ላይ እንደሚጻፈው የአዲስ አበባ ሰዓት ይሆናል። እንከኑ፣ ሳይቱ ከባድ ስለሆነ ዳታ ይበላል። ውቅያኖስ ላይ የምድር አንቴና በሌለበት መስመሩ ሊቆራረጥ ይችላል፣ አውሮፕላኑ የጠፋ ይመስላል። ይሄን ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ። በሌሊት እያዩ የሚጨነቁ እናቶች አሉ። ከአምስት አራት።

ለሰፈራችን እናት የነገርኳቸው ከዚሁ ያገኘሁትን ነው። «እትዬ፣ እስከ መቆሚያው ሰባት ስምንት ሰዓት፣ ቁጭ ብለው አውሮፕላኑ ነዳጅ ይሞላል፣ ከዚያ ሌላ ሰባት ስምንት ሰዓት» አልኳቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ከዚያ «በየመሃሉ ተነስቼ ብራመድ ይቆጡኛል?» አሉኝ። አይቆጡም አልኳቸው። እንዲያውም መነሳት ይመከራል፤ ረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ያሳብጣል፣ ደም እንዲረጋም ያደርጋል። ኮሪደር በኩል ያለ ወንበር ቢያዝላቸው ብዬ ለልጃቸው በቴሌግራም ጻፍኩላት።

የሰዓት አቆጣጠር ነገር ለብቻው መነገር አለበት፣ ምክንያቱም ከማስያዎቹ ስህተት ይልቅ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ቲኬት ላይ ያለው ሁሉ የየከተማው ሰዓት ነው። ለምሳሌ ከቦሌ 22:30 ይነሳል፣ ደለስ 08:00 ይደርሳል ቢል፣ ላይ ላዩን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስላል። ዋሽንግተን ግን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ናት። ሲጨመር 16 ሰዓት ተኩል። ሰባት የሚሆነው ከመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው፤ በቀሪው ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚመልሱት 8 ይሆናል። ሲመለሱ ደግሞ ይገለበጣል፤ ጠዋት 11:00 ከደለስ ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ ቢደርስ 20 ሰዓት ይመስላል፣ ሰባቱን ስትቀንሱ 13 ነው። አንዳንድ ማስያዎች ይሄን የሰዓት ልዩነት ከታች በትንሹ ያሳያሉ። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የዛሬውን ነው የሚያሳዩት። በጥቅምት አይታችሁ በኅዳር ለሚበር ሰው አትናገሩ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የእኩለ ሌሊቱ ነው። ቲኬት ላይ «ማክሰኞ 00:40» ካለ በእኛ አቆጣጠር ሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ከ40 ነው። ሰኞ ከምሽቱ ጀምሮ ቦሌ መገኘት አለባችሁ። ማክሰኞ የሚለውን ብቻ አይቶ ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቷል። ከጅማ ለሚመጣ ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ያበላሻል። እኔ ሱቅ ውስጥ ቲኬት ፕሪንት ስናደርግ ጎኑ ላይ በእጅ «ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ ይድረሱ» ብለን እንጽፋለን፣ ቀኑንም በእኛ ዘመን አቆጣጠር። ቲኬቱ የሚጠቀመው የፈረንጁን ቀን ነው።

ስለ ማስያ ሳይቶቹ የቀረኝን ቶሎ ልበል። ማይልና ኪሎ ሜትር ይቀላቅላሉ። 11,560 ኪሎ ሜትር 7,180 ማይል ገደማ ነው፣ በባሕር ማይል ሲሆን ደግሞ 6,240 ገደማ። አንዱ ገጽ ላይ ትንሽ ቁጥር አይታችሁ «ይሄ አጭር መንገድ ነው» እንዳትሉ፣ አጠገቡ ያለውን ምልክት እዩ። የቁጥሩን ደህንነት ለማረጋገጥ ደግሞ አንድ ቀላል መለኪያ አለ፤ ምድር ላይ ከየትኛውም ነጥብ ወደ የትኛውም ነጥብ ያለው አጭር መንገድ ከ20,000 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከዚያ በላይ የሚል ገጽ ካያችሁ ዝጉት።

ማስታወቂያቸው ይበዛል። ቁጥሩ ስር «ርካሽ ቲኬት» የሚል ቁልፍ አለ፤ ስትነኩት የማታውቁት የውጭ ድርጅት ገጽ ይከፍታል፣ የውጭ ካርድ ይጠይቃል። ቴሌብር ወይም የባንካችሁን አፕ የሚቀበል አይደለም። ልጆች አሜሪካ ሆነው በዚያ በኩል ገዝተው የላኩት ቲኬት ሲበላሽ ለማስተካከል የሚደወልበት ስልክ እንኳ ማግኘት ከባድ ነው። ቲኬት የሚገዛው ከአየር መንገዱ ወይም ፊት ለፊት ከምታውቁት ወኪል ነው። ማስያውን ለማስያነቱ ተጠቀሙበት።

የትኛውም ሳይት የማይነግራችሁ ደግሞ ከበር እስከ በር ያለው ነው። የእኚህን እናት ጉዞ ወረቀት ላይ ደመርኩት። ከጅማ በረራው ሁለት ሰዓት ቀድመው ኤርፖርት፣ አንድ ሰዓት ጉዞ፣ ቦሌ ላይ ሻንጣ ተቀብሎ ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል፣ ከበረራው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት፣ 16 ወይም 17 ሰዓት፣ ደለስ ላይ የኢሚግሬሽን ሰልፍና ሻንጣ። ሁሉም ተደማምሮ ከአንድ ቀንና ሌሊት ይበልጣል። ማስያው 13 ሰዓት ከ20 ባለው ጉዞ! መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሚያስበው ይሄን ሙሉውን ነው። መድኃኒቱም ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ በሚያዘው ይሁን፣ ከሐኪም ወረቀቱ ጋር።

ለጅማ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር። ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት ደመናው ዝቅ ብሎ ሲውል የአገር ውስጡ በረራ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ የጅማውን በረራና የአሜሪካውን በረራ በጥቂት ሰዓት ልዩነት አታጋጥሙት። ማታ የሚነሳ ዓለም አቀፍ በረራ ካላችሁ ከጅማ በጠዋቱ ሂዱ፣ ከተቻለ በዋዜማው አዲስ አበባ እደሩ። ሁለቱ በረራ በአንድ ቲኬት ላይ ከሆነ አንዱ ቢዘገይ አየር መንገዱ በሚቀጥለው የማሳፈር ኃላፊነት አለበት። ለየብቻ ከተገዙ ግን ጣጣው የእናንተ ነው። ስለዚህ ልጆቻችሁ ከዚያ ሲገዙ መነሻውን ከቦሌ ሳይሆን ከጅማ አድርገው እንዲቆርጡ ንገሯቸው፤ ሲፈልጉ የጅማን ኮድ ጄ አይ ኤም ብለው ያስገቡ፣ ይመጣላቸዋል።